ቦይኮት የሰው ስም ነው

የሥጋ ዋጋ ሰማይ ሲነካ ፌስቡክ ላይ «ሥጋ ቦይኮት እናድርግ» የሚል ጽሑፍ ይዞራል። ሁላችንም ቃሉን እናውቀዋለን። የሰው ስም መሆኑን ያወቅሁት ግን ደብሊን መኖር ከጀመርኩ በኋላ ነው። ካፒቴን ቻርልስ ቦይኮት የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። በ1880 በምዕራብ አየርላንድ፣ ማዮ በሚባለው አውራጃ፣ ለአንድ ሎርድ የመሬት ኪራይ የሚሰበስብ ወኪል ሆኖ ይሠራ ነበር። ገበሬዎቹ ጥይት አልተኮሱበትም። በቃ፣ ሁሉም ሰው እሱን ማናገር አቆመ። ታሪኩ ወደ ታች ይመጣል። (ዓመቶቹ በሙሉ፣ ሁለት ቦታ ላይ ካልኩት በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ አየርላንድና ስለ እንግሊዝ ስንሰማ ብዙውን ጊዜ የምንሰማው የጠመንጃውን ታሪክ ነው። የ1916ቱ የፋሲካ አመፅ፣ በጥይት የተገደሉት መሪዎች፣ ከዚያ የነፃነት ጦርነቱ፣ በመጨረሻ የደሴቲቱ ለሁለት መከፈል። እኔም ለዓመታት የማውቀው ይሄንኑ ነበር። አምና በጋ ላይ ማዮ ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ ግን ሐሳቤ ተቀይሯል። እኔ እንደሚገባኝ የዚህ ሕዝብ ታሪክ እምብርቱ መሬት ነው። መሬቱ የማን ነው? አራሹ ለማን ይከፍላል? ሲያሰኘው ማን ያባርረዋል? አያቴ ጢሰኛ ስለነበር ይሆናል፣ ይሄን ጥያቄ አንዴ ካየሁት በኋላ ሌላው ሁሉ ከሱ ኋላ ነው የሚታየኝ።

መሬቱ እንዴት እንደተወሰደ ባጭሩ ልንገራችሁ። ከ1609 ጀምሮ ሰሜኑን፣ አልስተርን፣ የእንግሊዝ ዘውድ ከስኮትላንድና ከእንግሊዝ ለመጡ ፕሮቴስታንት ሰፋሪዎች አከፋፈለው። በ1649 ኦሊቨር ክሮምዌል ጦሩን ይዞ መጣ። ድሮኸዳና ዌክስፎርድ ከተሞች ውስጥ የተፈጸመው ጭፍጨፋ እስከ ዛሬ ይነሳል። ከጦርነቱ በኋላ ካቶሊክ ባለመሬቶች ርስታቸውን ተነጥቀው ከሻነን ወንዝ ማዶ፣ ወደ ድንጋያማው ኮናክት እንዲሄዱ ታዘዙ። «ወይ ወደ ሲኦል ወይ ወደ ኮናክት» የሚባለው አነጋገር የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። ቁጥሩን ብቻ ተመልከቱት። በ1641 ከደሴቲቱ መሬት 59 በመቶ ያህሉ በካቶሊኮች እጅ ነበር። በ1703 ወደ 14 በመቶ ወረደ። በ1770ዎቹ መጨረሻ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ቀረ። የሕዝቡ አብዛኛው ካቶሊክ ነው። መሬቱ ግን የሌላ ሰው ሆነ።

ከ14 ወደ 5 የወረደው በሰይፍ አልነበረም፤ በሕግ ነው። ከ1695 ጀምሮ የወጡት የቅጣት ሕጎች የሚባሉት ናቸው። ካቶሊክ ከ5 ፓውንድ በላይ የሚያወጣ ፈረስ እንዳይኖረው ተከለከለ። መሬት መግዛት አይችልም። መከራየት የሚችለው ቢበዛ ለ31 ዓመት ነው። እኔን በጣም የረበሸኝ ግን የውርስ ሕጉ ነው። አንድ ካቶሊክ ሲሞት መሬቱ ለወንዶች ልጆቹ ሁሉ እኩል መከፋፈል አለበት፣ ስለዚህ በየትውልዱ እየተቆራረሰ ያልቃል። የበኩር ልጁ ሃይማኖቱን ቀይሮ የመንግሥቱን ቤተ ክርስቲያን ከተቀበለ ግን ሁሉንም ለብቻው ይወርሳል። እስቲ ይሄን ሕግ አንድ ቤት ውስጥ አስገቡትና አስቡት። አባት አርጅቶ ተኝቷል። ወንድማማቾቹ ምድጃ ዙሪያ ተቀምጠው ይተያያሉ። አንዳቸው እምነቱን ቢለውጥ የቀሩት ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ሕግ አውጪው ወታደር ሳይልክ ጠቡን እዚያው ጓዳ ውስጥ ተክሎታል።

እነዚህ ሕጎች ከ1778 ጀምሮ ቀስ በቀስ ላሉ። በ1798 ትልቅ አመፅ ተነሳ፣ ተደመሰሰም። በ1801 የአየርላንድ ፓርላማ ተዘግቶ አገሪቱ በቀጥታ ከለንደን መተዳደር ጀመረች። በ1829 ዳንኤል ኦኮኔል የሚባለው ታላቅ ጠበቃና ተናጋሪ፣ ካቶሊኮች ፓርላማ እንዲገቡ የሚፈቅደውን ሕግ በሰላማዊ ንቅናቄ አስገኘ። ትልቅ ድል ነው። ግን በዚያው ዓመት፣ በዚያው ስምምነት፣ ለመምረጥ የሚያስፈልገው የንብረት መጠን ከ40 ሽልንግ ወደ 10 ፓውንድ ከፍ ተደረገ። ኦኮኔልን የመረጠው ትንሹ ገበሬ ድምፁን አጣ። የመሬቱ ጥያቄም ባለበት ቆመ።

አሁን ወደ ድንቹ እንምጣ።

«ለምን ድንች ብቻ ይበሉ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው። መልሱ መሬት ነው። ገበሬው ስንዴና አጃ ያመርታል፣ አሳማና ከብት ያረባል፤ ያ ሁሉ የሚሸጠው ለኪራይ ነው። ለራሱ አፍ የሚተርፈው ጠርዝ ላይ ያለች ቁራሽ መሬት ናት። ከዚያች ቁራሽ ላይ ቤተሰብ ሊያጠግብ የሚችል ሰብል ድንች ብቻ ነው። አንድ ጉልበት ሠራተኛ በቀን እስከ 6 ኪሎ ድንች ይበላ ነበር፤ ከአሬራ ጋር ሲሆን ደግሞ ጥሩ ምግብ ነው፣ ሰዎቹም ጠንካሮች ነበሩ። ኑሯቸው ግን በአንድ ክር ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ብዙው ጢሰኛ ውል የለውም። ቤቱን ቢያድስ፣ ድንጋዩን ለቅሞ ማሳውን ቢያሰፋ፣ ኪራዩ ሊጨመርበት ይችላል። ሲባረር ለደከመበት ምንም ካሳ የለም፤ አልስተር ውስጥ ብቻ ሻል ያለ ልማድ ነበር። ብዙ ባለመሬቶች ደግሞ ለንደን ተቀምጠው በወኪል ነው የሚያስተዳድሩት። መሬቱን አይተውት የማያውቁም ነበሩ።

በ1845 መኸር ላይ ከአሜሪካ በኩል እንደመጣ የሚታመን፣ እንደ ሻጋታ ያለ የድንች በሽታ ገባ። ቅጠሉ ይጠቁራል። ከመሬት ሲወጣ ደህና የመሰለው ድንች በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበሰብሳል፣ ሽታው ከሩቅ ይሰማል። በመጀመሪያው ዓመት የጠፋው ከምርቱ ከፊሉ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሮበርት ፒል 100,000 ፓውንድ የሚያወጣ በቆሎ ከአሜሪካ በድብቅ አስገዛ። በ1846 ግን ምርቱ ከሞላ ጎደል በሙሉ ጠፋ። ያኔ ደግሞ መንግሥቱ ተቀይሯል። አዲሱ የሎርድ ጆን ራስል መንግሥት ገበያ ውስጥ እጅ ማስገባት አይገባም የሚል ጽኑ እምነት ነበረው። እርዳታውን ከግምጃ ቤት ሆኖ የሚቆጣጠረው ባለሥልጣን ቻርልስ ትሬቬልያን፣ በዚህ መከራ ውስጥ የእግዚአብሔር እጅ አለበት ብሎ የሚያምን ሰው ነበር።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «እህሉ ሁሉ ወደ እንግሊዝ ስለተጫነ ነው ያለቁት» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። በ1847 ከወጣው ይልቅ ወደ አገሩ የገባው እህል ይበልጥ ነበር። ነገር ግን በ1846 መኸር፣ በቆሎው ገና ባሕር ላይ እያለ፣ አጃና ከብት ከወደቦቹ በወታደር እየተጠበቀ ይወጣ ነበር። ከዚያ በኋላ የገባውንም ቢሆን ድሃው የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። ገበያ ላይ እህል እያለ በረሃብ መሞት ምን እንደሆነ ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

መንግሥት ምንም አላደረገም ማለትም ትክክል አይደለም። የመንገድ ሥራ ከፈተ። በ1847 መጀመሪያ 700,000 ያህል ሰው፣ አብዛኛው የራበው፣ በውርጭ ድንጋይ ይፈልጥ ነበር። የትም የማያደርሱ መንገዶች ዛሬም ተራራው ላይ ይታያሉ። ከዚያ ሥራው ተዘጋና የሾርባ ማደያዎች ተከፈቱ። በ1847 ሐምሌ ላይ በቀን 3 ሚሊዮን ሰው ይመገብ ነበር። እዚህ ጋ ቆም በሉ። ማለትም መመገብ ይቻል ነበር። አቅሙም፣ አደረጃጀቱም፣ መርከቡም ነበረ፤ ርካሽም ሆኖ ተገኝቷል። ሆኖም መኸሩ ሲደርስ ማደያዎቹን ዘጓቸው። ረሃቡ አልፏል ተባለ። ከዚህ በኋላ የአየርላንድን ድሃ የአየርላንድ ባለንብረት በግብሩ ይርዳው ተባለ።

በዚያው በ1847 አንዲት አንቀጽ ሕግ ሆነች። ያቀረባት የፓርላማ አባል ዊልያም ግሪጎሪ ስለሚባል በስሙ ትጠራለች። ከሩብ ኤከር በላይ መሬት የያዘ ሰው መሬቱን ካልለቀቀ እርዳታ አያገኝም ትላለች። ሩብ ኤከር አንድ ሺህ ካሬ ሜትር ያህል ነው። ልጆችህ እንዲበሉ ከፈለግህ ማሳህን ልቀቅ ነው ነገሩ። ማሳውን ከለቀቅህ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ምን ታርሳለህ? ብዙዎች እንቢ ብለው ቤታቸው ውስጥ ሞቱ። ብዙዎች ለቅቀው ወደ ድሆች መጠለያ ገቡ፣ እዚያም በተስቦ ሞቱ። ይሄን አንቀጽ ባነበብኩት ቁጥር እናደዳለሁ፣ ከመቶ ሰባ ዓመት በኋላ እንኳን። ድርቅ፣ በሽታ፣ አንበጣ የተፈጥሮ ናቸው። ይሄ ግን ወረቀት ላይ በብዕር የተጻፈ ነው። አዳራሽ ውስጥ እጅ ወጥቶለታል።

ስትሮክስታውን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ ሮስኮመን አውራጃ ውስጥ። እዚያ የአንድ ባለመሬት ትልቅ ቤት ግቢ ውስጥ ብሔራዊ የረሃብ ሙዚየም አለ። ወደ ማዮ ስሄድ አውቶቡሴ በዚያ ስለሚያልፍ ወረድኩ። ሙዚየሙ እንዲኖር ያደረገው የርስቱ ጽሕፈት ቤት ወረቀቶች መገኘት ነው። ከመካከላቸው ክሉናሂ የሚባል ቀዬ ጢሰኞች በ1846 ነሐሴ ላይ ለባለመሬቱ ያስገቡት አቤቱታ አለ። ልጆቻችን ፊታችን ላይ ይሠቃያሉ፣ የረሃብ ለቅሷቸውን ከዚህ በላይ መቻል አንችልም ይላሉ። ሥራ ስጡን ነው የሚሉት። የለመኑት ምጽዋት አልነበረም።

በ1847 ግንቦት የርስቱ ባለቤት ሜጀር ዴኒስ ማሆን 1,490 ጢሰኞችን አስነስቶ ወደ ካናዳ እንዲሄዱ አደረገ። ሒሳቡ ቀላል ነበር። እዚያው ቢቀሩ ግብሩ በሱ ላይ ነው፣ የመርከቡ ዋጋ ይረክሳል። በጀልባ መሄጃው ቦይ ዳር ዳር እስከ ደብሊን ድረስ በእግራቸው ሄዱ። 165 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ሊቨርፑል፣ ከዚያ አትላንቲክ። ብዙዎቹ መርከብ ላይና ኩቤክ አጠገብ ባለችው የኳራንቲን ደሴት ላይ አለቁ። ማሆንም በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ መንገድ ላይ በጥይት ተገደለ። ዛሬ የሄዱበት መንገድ የእግር መንገድ ሆኗል። በየቦታው ከነሐስ የተሠሩ የሕፃን ጫማዎች ቆመዋል። ጥንድ ጫማ ብቻ፣ ሰው የሌለበት። አንዱ አጠገብ ብዙ ቆየሁ።

በ1841 የተቆጠረው ሕዝብ 8.2 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ1851 6.5 ሚሊዮን ሆነ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሞተ፣ አንድ ሚሊዮን ያህል ተሰደደ። ስደቱም አልቆመም፣ ለመቶ ዓመት ቀጠለ። ደሴቲቱ ዛሬም ከረሃቡ በፊት የነበረውን የሕዝብ ቁጥር አልመለሰችም። ቋንቋውም አብሮ ሄደ። በብዛት የሞቱትና የተሰደዱት አይሪሽ ቋንቋ የሚናገሩት የምዕራቡ ድሆች ናቸው። የቀሩትም ለልጆቻቸው እንግሊዝኛ መረጡላቸው፣ ምክንያቱም የመርከቡ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ዛሬ ደብሊን ውስጥ የመንገድ ታፔላ ሁሉ በሁለት ቋንቋ ተጽፎ ሳይ ይሄ ይመጣብኛል። ብዙ ሰው የላይኛውን መስመር አንብቦ አይረዳውም። የቅድመ አያቱ አፍ መፍቻ ነበር።

በ1847 ከአሜሪካ፣ ራሳቸው ከመሬታቸው ተፈናቅለው ጥቂት ዓመታት ብቻ የቆጠሩት የቾክቶ ሕዝቦች 170 ዶላር አዋጥተው ላኩ። ኮርክ አውራጃ ውስጥ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። በ77ቱ (በኛው አቆጣጠር ነው) ድርቅ ጊዜ ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ ለኛ ሲጮህ፣ ይሄ የደብሊን ልጅ ከየት አገር እንደመጣ የገባኝ አሁን ነው። ያኔ ሳንቲም ያዋጡ አረጋውያን እዚህ አገር ብዙ አግኝቻለሁ። «ኢትዮጵያ» ስላቸው መጀመሪያ የሚነግሩኝ ያንን ነው፣ ከዚያ ስለራሳቸው ረሃብ ያወሩኛል፣ የትናንት ያህል።

ወደ ማዮ ልመለስ። ስትሬድ በምትባል መንደር በ1846፣ በመጥፎው ጊዜ መካከል፣ ማይክል ዳቪት የሚባል ልጅ ተወለደ። አራት ዓመት ሲሞላው ቤተሰቡ ኪራይ መክፈል አቅቶት ተባረረ። ቤታቸው ፈረሰ። እንግሊዝ አገር ላንካሸር ሄዱ። ልጁ በአሥራ አንድ ዓመቱ የጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ቀኝ እጁን ማሽን በላበት። አደገና፣ ከእንግሊዝ የተለየች ሪፐብሊክ ለማቋቋም የሚታገለው የፊንያን ምስጢራዊ ድርጅት አባል ሆነ። መሣሪያ አዘዋውረሃል ተብሎ በ1870 ታስሮ ሰባት ዓመት ከባድ እስር ቀመሰ። ሲፈታ አገሩ ተመለሰ። እናም ማዮ ላይ የገባው ነገር፣ ገበሬውን የሚያንቀሳቅሰው የሪፐብሊክ ሕልም ሳይሆን የማሳው ጉዳይ መሆኑ ነው።

1879 ሌላ መጥፎ ዓመት ነበር። ዝናቡ አላቆመም፣ ድንቹ እንደገና ጠፋ፣ የእህል ዋጋ ደግሞ ወደቀ። ሰው «እንደገና አርባ ሰባት መጣ» እያለ ፈራ። ሚያዝያ ላይ አይሪሽታውን በምትባል ቦታ ሺዎች ተሰበሰቡ። ጥቅምት ላይ የአየርላንድ ብሔራዊ የመሬት ሊግ ተመሠረተ። ዳቪት ሊቀ መንበር እንዲሆን የጠየቀው የፓርላማ አባሉን ቻርልስ ስቱዋርት ፓርኔልን ነው። ፓርኔል ፕሮቴስታንት ነበር፣ ራሱም ባለመሬት። ነገሩን በሃይማኖት ብቻ ለሚያይ ሰው ይሄ ግራ ያጋባል። በሌላ በኩል ጨካኝ ካቶሊክ ባለመሬትም ነበር።

በ1880 መስከረም ላይ ኤኒስ ከተማ ውስጥ ፓርኔል ለሕዝቡ ሲናገር አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ጎረቤቱ የተባረረበትን መሬት የሚከራይ ሰው ምን ይደረግ? ከሕዝቡ መካከል «ይገደል!» የሚል ድምፅ ወጣ። ፓርኔል የተሻለና የበለጠ ክርስቲያናዊ መንገድ አለ አላቸው። መንገድ ላይ ስታገኙት ራቁት፣ ሱቅ ውስጥ ራቁት፣ ገበያ ላይ ራቁት፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ሳይቀር፤ እንደ ጥንቱ ለምጻም ብቻውን ተዉት።

ይሄን ሳነብ አገር ቤት ነው የታየኝ። ከእድር የወጣ ሰው ምን እንደሚሆን እናውቃለን። እሳት የሚያጭረው የለም። ሲታመም የሚጠይቀው የለም። ገጠር ለኖረ ሰው ከዚህ የከበደ ፍርድ የለም። ፓርኔልም አዲስ ነገር አልፈጠረም፣ መንደር ሁሉ የሚያውቀውን ነገር የፖለቲካ መሣሪያ አደረገው እንጂ።

ካፒቴን ቦይኮት የሎርድ ኧርን ወኪል ነው፣ ሎክ ማስክ በሚባለው ሐይቅ ዳር ይኖራል። ጢሰኞቹ ኪራዩ 25 በመቶ ይቀነስልን ብለው ጠየቁ። ሎርዱ ከ10 በመቶ አላልፍም አለ። ከኤኒሱ ንግግር ሦስት ቀን በኋላ የማባረሪያ ወረቀት የሚያድል ሰው በፖሊስ ታጅቦ መጣ። የመንደሩ ሴቶች በጭቃና በፋንድያ አባረሩት። በማግስቱ የቦይኮት ሠራተኞች በሙሉ ሥራ አቆሙ። የእርሻው፣ የከብቱ፣ የቤቱም። አንጥረኛው ለፈረሱ ጫማ አልሠራም አለ። ልብስ አጣቢዋ አላጥብም አለች። ባሊንሮብ ከተማ ያሉት ሱቆች አልሸጥለትም አሉ። ደብዳቤ የሚያመጣለት ልጅ እንኳን አቆመ። ሰብሉ ማሳ ላይ ቀረ። ሰውዬው ለንደን ላለ ጋዜጣ አቤቱታ ጻፈ፣ እንግሊዝ አገር ትልቅ ወሬ ሆነ። ኅዳር ላይ ከሰሜኑ፣ ከካቫንና ከሞናኸን፣ ሃምሳ ፕሮቴስታንት ፈቃደኞች ሰብሉን ሊሰበስቡለት መጡ። እነሱን ለመጠበቅ አንድ ሺህ ያህል ወታደርና ፖሊስ ሰፈረ። ሕዝቡ አንድ ጠጠር አልወረወረም። ዝናብ እየዘነበ፣ ፈቃደኞቹ ድንኳን ውስጥ እየተንቀጠቀጡ፣ 500 ፓውንድ ገደማ የሚያወጣ ሰብል ለማንሳት 10,000 ፓውንድ እንደወጣ በጊዜው ተገምቷል። ሥራው ሲያልቅ ቦይኮት ከወታደሮቹ ጋር አገሩን ለቆ ሄደ። ስሙ ግን ግስ ሆኖ ቀረ፣ እኛ ዘንድ ድረስ መጣ።

እንዲህ ያለው ነገር ሁልጊዜ ንጹሕ እንዳልነበረ መናገር አለብኝ። በሌሎች ቦታዎች ከብት እግሩ ተቆርጧል፣ ሰው ተገድሏል፣ ድሃ ሆኖ አድማ በመስበሩ ብቻ ሕይወቱ የተበላሸም አለ። ሆኖም ከዚያ በፊት በሦስት መቶ ዓመት ውስጥ ሰይፍና ጠመንጃ ያላስገኙትን ይሄ መገለልና ኪራይ አልከፍልም ማለት በጥቂት ዓመታት አስገኘ። የ1881ዱ የጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን የመሬት ሕግ ኪራዩን ፍርድ ቤት እንዲወስን አደረገ፣ ኪራዩን የከፈለ ጢሰኛም እንዳይባረር ከለከለ። ፓርኔልና ጓደኞቹ በዚያው ዓመት ሲታሰሩ ትግሉን የያዙት ሴቶች ነበሩ፣ የፓርኔል እህት አና የምትመራው የሴቶች የመሬት ሊግ። ለተባረሩት ጎጆ የሚሠሩት፣ ማባረሩ ቦታ ድረስ ሄደው የሚቆሙት እነሱ ናቸው። ወንዶቹ ሲፈቱ ግን ሊጉን ዘጉባቸው። አና ለወንድሟ ይቅርታ አላደረገችም፣ በኔ አስተያየት እውነት አላት።

ከዚያ መንግሥት ራሱ ለገበሬው እያበደረ መሬቱን ከባለመሬቱ እንዲገዛ ማድረግ ጀመረ። ትልቁ የ1903ቱ የዊንደም ሕግ ነው። በ1870 የራሱ መሬት የነበረው ገበሬ ከመቶ ሦስት ብቻ ነበር። ነፃነት ከመምጣቱ በፊት አብዛኛው የራሱን መሬት ገዝቶ ነበር ወይም ብድሩን እየከፈለ ነበር። ለዚህ ነው ጠመንጃው የመጨረሻው ምዕራፍ ነው የምለው። 1916 ሲመጣ ትልቁ ማኅበራዊ አብዮት ባብዛኛው ተፈጽሞ ነበር።

ማን እንደቀረ ግን አልረሳም። መሬት የሌለው የቀን ሠራተኛ ከዚህ ሁሉ ያገኘው ትንሽ ነው። ከሁሉም የደኸዩት በ1840ዎቹ አልቀዋል። ያሸነፉት ከሞት የተረፉት ናቸው።

ዳቪት ራሱ በመጨረሻው አልረካም። እሱ የፈለገው መሬቱ የሕዝቡ ሁሉ እንዲሆን፣ መንግሥት እንዲይዘው ነበር። ገበሬው ግን አልሰማውም። ገበሬው የፈለገው የራሴ የሚለውን ነው። እኛ «መሬት ላራሹ» ብለን በ1967 (በኛው አቆጣጠር ነው) በአዋጅ ያገኘነው መንገድ ለዳቪት ሐሳብ ይቀርባል፣ አየርላንዶች ደግሞ በተቃራኒው ሄዱ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩትን ክርክር ማዮ መስክ ላይ ሳገኘው ገረመኝ፤ አያቴ በሕይወት ቢኖር ብዬ ተመኘሁ። የቱን እንደሚመርጥ መጠየቅ እፈልግ ነበር።

የብድሩ ክፍያ ከነፃነት በኋላም ወደ ለንደን ይሄድ ነበር። በ1932 ኤመን ዴቫሌራ ሥልጣን ሲይዝ አንልክም አለ። የተወሰደብንን መሬት መልሰን ገዝተን ገና ዕዳ እንከፍላለን? የሚል ክርክር ነው። እንግሊዝ በአየርላንድ ከብት ላይ ቀረጥ ጣለች፣ ስድስት ዓመት የኢኮኖሚ ጦርነት ሆነ፣ ገበሬው ጥጃውን የሚገዛው አጥቶ አረደው። በ1938 በአንድ ጊዜ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፍሎ ተዘጋ። (ይሄው ዴቫሌራ በ1935 ጄኔቫ ላይ ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር ማዕቀብ እንዲጣልባት ደግፎ ተናግሯል። አገሩ ውስጥ ብዙ ካቶሊክ ወገኖቹ ከጣሊያን ጋር መጣላቱን አልወደዱለትም ነበር። አመሰግነዋለሁ።)

ማዮ ውስጥ ያደርኩት አንድ ሽማግሌና ባለቤታቸው እንግዳ በሚያሳድሩበት ቤት ነው። ከቤታቸው ጀርባ በድንጋይ ካብ የተከፋፈለ አረንጓዴ መስክ አለ፣ በጎች አሉበት። ማታ ሻይ እየጠጣን መሬቱ ከማን እጅ እንደመጣ ጠየቅኳቸው። የባለመሬቱን ስም ወዲያው ነገሩኝ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት እንኳን። ከዚያ ተነሱና ከቁም ሳጥኑ ላይ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ አወረዱ። ውስጡ የመሬት ኮሚሽኑ ደረሰኞች አሉ፣ አያታቸው በየስድስት ወሩ የከፈሉበት፣ ከዚያ አባታቸው። አንዳንዱ ወረቀት መታጠፊያው ላይ ተቀድዶ በፕላስተር ተጣብቋል። እኔም ስለ አያቴ ነገርኳቸው፣ ከእህሉ እኩሉን ለባለመሬቱ ያስረክብ እንደነበር። «እኩሉን?» አሉ። «አዎ፣ እኩሉን።» ባለቤታቸውን ጠርተው ነገሯቸው። እሳቸውም መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ፣ እንደገና ከመጀመሪያው እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ደረሰኞቹን ወደ ቆርቆሮው የመለስናቸው ሌሊት ላይ ነው፣ አንድ በአንድ፣ በዓመታቸው ተራ።